ከሐዋሳ ተነስቶ ደሴት ላይ መሞሸር፦ ሕጉ ምን ይጠይቃል?

ሐዋሳ ራሷ የሠርግ ከተማ ናት። በሠርግ ሰሞን አሞራ ገደልና ሐይቁ ዳር በሙሽራ መኪና ይጨናነቃል። ለጫጉላ ከሌላ ከተማ የሚመጣውም ብዙ ነው። ሐይቁ የማይበቃቸው ጥንዶች ግን አሉ። ባሕር፣ ነጭ አሸዋና ዘንባባ ይፈልጋሉ፤ ሲሸልስን፣ ሞሪሸስን ወይም ዛንዚባርን ያስባሉ። አንዳንዱ ደግሞ እጮኛው ውጭ ስለሚኖር መሀል መንገድ ላይ መገናኘት ይቀለዋል። አበባውንና ኬኩን የደሴቱ ሆቴል ያዘጋጃል። ወረቀቱ ግን የሚጀመረው እዚሁ፣ ከቀበሌ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ «እዚያ የተጋባነው እዚህ ይታወቃል ወይ?» የሚለው ነው። ይታወቃል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213) በአንቀጽ 5 ላይ ይህን ይመልሳል። ጋብቻው በተፈጸመበት አገር ሕግ መሠረት ከተፈጸመና የሕዝብን ሞራል እስካልተቃረነ ድረስ ኢትዮጵያ ውስጥ የጸና ነው። ይህ የፌዴራል ሕግ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን ያወጣሉ። ሐዋሳ የደቡብ ክልል ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ ክልሉ በ1996 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ሆኗል። መሠረቱ ግን ያው ነው፦ ነፃ ፈቃድ፣ 18 ዓመት የሞላው ዕድሜ፣ የሥጋም ሆነ የጋብቻ ዝምድና አለመኖር፣ ያልፈረሰ ሌላ ጋብቻ አለመኖር። ከፍቺ ወይም ከባል ሞት በኋላ ሴቷ 180 ቀን እንድትጠብቅ የሚለውም አለ፤ እርጉዝ አለመሆኗ በሐኪም ከተረጋገጠ ይነሳላታል።

እንግዲህ ወደ ወረቀቱ። ብዙ ሰው የሚንከራተተው በ«ያላገባ» ማስረጃ ነው። የደሴቱ መዝገብ ሹም አያውቃችሁም። ማንም ሳታገቡ እንደኖራችሁ መንግሥታችሁ እንዲመሰክር ይፈልጋል። ማስረጃው የሚወጣው ከምትኖሩበት ቀበሌ ወይም ክፍለ ከተማ ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ነው። ታቦር ክፍለ ከተማ የሚኖር ሰው ሐይቅ ዳር ሄዶ ቢሰለፍ ተመለስ ነው የሚባለው። የነዋሪነት መታወቂያችሁ ጊዜው ካለፈ መጀመሪያ እሱን አሳድሱ፤ ካለዚያ መስኮቱ ጋ ነው ሥራው የሚቆመው። ያላገባ ማስረጃ ቶሎ የሚያረጅ ወረቀት መሆኑንም አትርሱ። የቆየ ከሆነ የውጭ ቢሮዎች አይቀበሉትም፤ ስለዚህ ጉዞው ሲቃረብ ነው የሚወጣው። የተፋታ የፍርድ ቤቱን የፍቺ ውሳኔ፣ ባል ወይም ሚስት የሞተበት ደግሞ የሞት ምስክር ወረቀት ይጨምራል።

ቀጥሎ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። አዲሱ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ አብዛኛው ሙሽራ ወረቀቱን ያወጣው ካደገ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንዱ ስም ነው። «ፀሐይ» በላቲን ፊደል ሲጻፍ ፓስፖርቱ ላይ በ«ቲ ኤስ»፣ ልደት ሰርተፍኬቱ ላይ በ«ኤስ» ብቻ ከሆነ፣ ለውጭ ሹም ሁለት ሰው ናት። ሌላው የዘመን አቆጣጠር ነው። መስከረም 5 ቀን 1990 የተወለደ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 15 ቀን 1997 ነው። አንዳንድ ጸሐፊ ግን በጥድፊያ በሁሉም ወር ላይ ስምንት ዓመት ይደምራል። እንደዚያ ከሆነ የእናንተ ዕድሜ በአንዱ ወረቀት ላይ በአንድ ዓመት ያንሳል። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጡና ፊደል በፊደል፣ ቁጥር በቁጥር ተመልከቱ። ስሕተቱን እዚሁ ማስተካከል አሰልቺ ቢሆንም ይቻላል፤ ደሴት ላይ ሆኖ ግን አይሞከርም። ከዚያ ትርጉም አለ፣ ማረጋገጥ አለ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም አለ። ሆቴሉ ወይም መዝገብ ቤቱ የትኛውን ማኅተም እንደሚፈልግ አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ ነው የሚያዋጣው።

ከደሴቶቹ መጀመሪያ ሲሸልስን እንይ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋና ደሴቷ ማሄ ይበርራል። አገሪቱ ከማንም ቪዛ አትጠይቅም፤ ሆኖም ከጉዞ በፊት በኢንተርኔት የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ፣ የመመለሻ ትኬትና የማረፊያ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ግዴታ ነው፤ ኢትዮጵያ በሽታው አለባቸው ከሚባሉት አገሮች አንዷ ናትና። የሚፈለገው የክትባቱ ቢጫ ካርድ እንጂ ዲያስፖራው በኪሱ ይዞ የሚዞረው ቢጫ ካርድ አይደለም። ጋብቻውን የሚያጽፈው ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያ ያለው የሲቪል መዝገብ ቤት ነው። ሰነዶቹን በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ይቀበላል። በመደበኛው መንገድ 11 ቀን ያህል ይፈጃል፤ ልዩ ፈቃድ ከተከፈለበት ወደ ሁለት የሥራ ቀን ያጥራል። የሥራ ቀን የተባለው የሥራ ቀን ነው። ዓርብ ማታ ደርሶ እሑድ ማግባት አይታሰብም።

አየሩን ሳላነሳ አላልፍም። እኛ ጥር ሲመጣ ነው ድንኳን የምንተክለው። ሲሸልስ ግን ከምድር ወገብ በታች ናት፤ ጥር ላይ ዝናቧ በጣም ይበዛል። የዓመቱ ሁለት ወቅታዊ ነፋሶች ሲፈራረቁ አየሩ የሚረጋው በሚያዝያ አካባቢ ነው። ከፋሲካ በኋላ ያለው የሠርግ ሰሞን ለእሷም ይመቻል።

ሞሪሸስ ለውጭ ዜጎች የተዘረጋ አሠራር አላት። ጥንዶቹ የሞሪሸስ ዜጋም ነዋሪም አለመሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አስቀድመው ያወጣሉ። ልደት ሰርተፍኬትና የፓስፖርት ኮፒም ይልካሉ። ባሊ ይከብዳል። በ1974 በፈረንጅ አቆጣጠር የወጣው የኢንዶኔዥያ የጋብቻ ሕግ ጋብቻን ከሃይማኖት ጋር ያስራል። መጀመሪያ የሃይማኖቱ ሥርዓት፣ ቀጥሎ ምዝገባው ይመጣል። ሁለቱም ወገኖች አንድ ሃይማኖት እንዲኖራቸውም ይጠበቃል። ማልዲቭስ ላይ ቱሪስቶች የሚያደርጉት ሠርግ በአብዛኛው ለወጉ ነው። ፎቶው ያምራል፤ ወረቀት ግን የለውም።

ይህ ሁሉ ሩጫ ለበዛበት ሰው ቀላሉ መንገድ እዚሁ ፈርሞ ድግሱን ደሴት ላይ ማድረግ ነው። እኔም ብጠየቅ ይህንኑ ነው የምመክረው። የፌዴራሉ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለሚፈጸም ጋብቻ ቢያንስ የአንድ ወር ቅድመ ማስታወቂያ ይጠይቃል። ከተጋቢዎቹ አንዱ ወይም የቅርብ ዘመድ በአካባቢው ስድስት ወር የኖረ መሆን አለበት። ከየወገኑም ሁለት ሁለት ምስክር ይቆማል። ውጭ ለሚኖር እጮኛ የስድስት ወሩ ነገር እንቅፋት ይመስላል፤ እዚህ የሚኖረው ወገን ግን ይሸፍንለታል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እዚህ ከፈረማችሁ በኋላ ደሴት ላይ «ያላገባ ነኝ» ማለት አይቻልም። ሆቴሉን ሥርዓቱ ለምርቃት ብቻ መሆኑን ንገሩት። ይህኛው መንገድ የደሴቱን መዝገብ ቤት አያስፈልገውም።

ሃይማኖቱ የራሱ መንገድ አለው። ተክሊልና ቁርባን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚፈጸም እንጂ አሸዋ ላይ የሚደረግ አይደለም። ኒካህ ለማሰርም ወሊ (ሙሽራዋን የሚድር ኃላፊ) እና ምስክሮች መገኘት አለባቸው። ብዙ ቤተሰብ ሽምግልናውንና የሃይማኖቱን ሥርዓት ሐዋሳ ጨርሶ ነው ልጆቹን የሚሸኘው።

እዚያው በሕጋዊ መንገድ የተጋቡ ደግሞ ከደሴቱ ሳይወጡ የጋብቻ ሰርተፍኬቱን ዋና ቅጂ መያዝና እዚያው አገር ማረጋገጥ አለባቸው። አንድ ትርፍ ቅጂ ማስወጣቱም አይከፋም። የወሳኝ ኩነት አዋጁ (ቁጥር 760/2004) ለጋብቻ ምዝገባ የሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው። የቤተሰብ ሕጉም ጋብቻ በየትኛውም ሥርዓት ቢፈጸም መመዝገብ አለበት ይላል። ውጭ የሚኖሩት በኢትዮጵያ ኤምባሲ ያስመዘግባሉ። ሐዋሳ የሚመለሱት ሰርተፍኬቱን አስተርጉመውና አረጋግጠው ወደ ክፍለ ከተማቸው ይሄዳሉ። ባንክ ብድር ሲጠየቅ፣ ቤት ሲሸጥ ወይም የትዳር ጓደኛ ቪዛ ሲፈለግ የሚጠየቀው ይኼው ወረቀት ነው። ውልና ማስረጃ ቤት ሠርጉ የት እንደተደገሰ የሚጠይቅ የለም፤ ሰርተፍኬቱን አምጡ ነው የሚሉት።