«እሳት አመድ ወለደ»፦ ትርጉሙና መነሻው

ጣና ዳር፣ አባቱ በሞገድ መሃል ታንኳ ሲቀዝፍ የኖረ፣ እሱ ግን ደንገሉን እንኳ አጥብቆ ማሰር ያቃተው ልጅ ሲያልፍ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን ታደርገዋለህ ወንድሜ፣ እሳት አመድ ወለደ» ይላል። የጀግና ልጅ ፈሪ፣ የለጋስ ልጅ ስስታም ሲሆን የሚነገር አባባል ነው። ፊት ለፊት ከተባለ ስድብ ነው፤ በዚያ ላይ አባትየውን እያሞገሰ ስለሚሳደብ ልጁ መልስ አያገኝለትም።

መነሻው ምድጃ ነው። ሲንቦገቦግ ያመሸው እሳት ሲነጋ የሚገኘው አመድ ሆኖ ነው፤ አይሞቅ፣ አያበራ። እኔ ግን አባባሉ አመድን በድሏል ባይ ነኝ። ፍሙን በአመድ ዳፍና ያደረች ባልቴት ጠዋት ጎረቤት ሄዳ እሳት አትለምንም።

ሰማይ ላይ ደግሞ አመድ ዘር ቆጣሪ ነው። ዩኒቨርስ ሲጀምር የነበረው ሃይድሮጅንና ሂሊየም፣ ከጥቂት ሊቲየም ጋር ነው። ካርቦኑ፣ ኦክስጅኑ፣ ብረቱ ኋላ ከዋክብት ነድደው የተዉት አመድ ነው። እሱ የተቀላቀለበት ጋዝ ተሰብስቦ እንደገና ኮከብ ይሆናል፤ ስለዚህ በአንድ ጋላክሲ፣ ማለትም በአንድ የከዋክብት መንደር ውስጥ ዘግይቶ የተወለደ ኮከብ ብዙውን ጊዜ አመዱ ይበዛል። ከፀሐያችን ክብደት 1.5 በመቶ ያህሉ እንዲህ ያለ ውርስ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ አንድ ጥንታዊ ኮከብ ግን የብረቱ መጠን የፀሐይን አንድ ሚሊዮንኛ እንኳ አይሞላም። ይህ የሚታወቀው የኮከቡ ብርሃን በየቀለሙ ሲበተን ነው፦ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በራሱ ቦታ ጥቁር መስመር ይጥላል።

ከአመዱ ብዛት ይልቅ የኮከቡን ዘር የሚናገረው ዓይነቱ ነው። ኦክስጅንና ማግኒዥየም የሚበትኑት ግዙፍ ከዋክብት ናቸው፤ ዕድሜያቸው አጭር ነው፣ በጥቂት ሚሊዮን ወይም በአሥር ሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ይፈነዳሉ። አብዛኛው ብረት ግን የሚመጣው ነጭ ድንክ ከሚባሉት፣ ነድደው ካለቁ የከዋክብት ቅሪቶች ፍንዳታ ነው፤ ይህ ደግሞ እስከ ቢሊዮን ዓመታት ሊዘገይ ይችላል። ብረቱ ሳይደርስ ብዙ ከዋክብት የወለደ ጋላክሲ፣ ልጆቹ ማግኒዥየም የበዛባቸው ናቸው። በዝግታ የወለደው ግን ገና አመዱ ሳይበዛ ብረቱ ይደርስበታል፤ ስለዚህ የልጆቹ ማግኒዥየም ከብረታቸው አንጻር ያንሳል።

በ2018 እ.ኤ.አ. ጋያ የተባለችው መንኮራኩር ከሰበሰበችው መረጃ፣ በእኛ ጋላክሲ በፍኖተ ሐሊብ ዳርቻ ከሚዞሩት ከዋክብት ብዙዎቹ የእኛ ተወላጅ እንዳልሆኑ ታወቀ። ከ10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከተዋጠች ጋያ-ኢንሰላደስ ከምትባል ትንሽ ጋላክሲ የመጡ ናቸው። አካሄዳቸው አሳበቀባቸው፤ አመዳቸውም መሰከረ፦ የብረት መጠናቸው እኩል ከሆነ የአገሬው ከዋክብት ጋር ሲተያዩ ማግኒዥየማቸው ያንሳል።