ምድር ቤትን ሞቅ ደመቅ ማድረግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ ተዳፋት ቦታ ብዙ ነው። በተለይ በጅሬን በኩል ቤት የሚሠራ ሰው ከታች አንድ ክፍል ማትረፉ የተለመደ ነው። ያቺ ክፍል ግን ብዙ ጊዜ የከረጢትና የተሰበረ ወንበር ማስቀመጫ ሆና ትቀራለች። ሰው ልቀመጥባት ሲል ትበርዳለች፣ ትሸታለች። እኔ እንደማየው ክፍሏን የሚያበላሿት ስለ ምድር ቤት የምናምናቸው ነገሮች ናቸው።

«ምድር ቤት በተፈጥሮው ብርድ ነው»

መሬት ውስጥ የገባ ግድግዳ ሙቀቱ ቶሎ አይለዋወጥም። ቀን ከላይኛው ቤት ቀዝቀዝ ይላል፣ ሌሊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ያ አጥንት ድረስ የሚዘልቀው ብርድ ከእርጥበት የሚመጣ ነው። ማሞቂያ ከመግዛታችሁ በፊት ውሃው ከየት እንደሚገባ እወቁ።

«ግድግዳው ከረጠበ ፕላስቲክ ቀለም ደርብበት»

ብዙ ገንዘብ የሚበላው ይሄኛው ነው። ከክረምት በኋላ ጎንበስ ብላችሁ የግድግዳውን ታችኛ ክፍል እዩ። ቀለሙ አረፋ ሠርቶ ተነስቷል፤ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ከሥሩ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት አለ። ጠርጋችሁት ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። ውሃው ከአፈሩና ከሲሚንቶው ጨው ይዞ ይመጣል፣ እሱ ሲተን ጨው ይቀራል። ፕላስቲክ ቀለም መውጫውን ሲዘጋበት ገፍቶ ይልጠዋል። ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ኖራ ብትቀቡት ይሻላል፣ እርጥበትን ያስተነፍሳል።

እርጥበቱ ከአፈሩ ይሁን ከክፍሉ አየር ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ግማሽ ሜትር የሚሆን ላስቲክ ግድግዳው ላይ አድርጉና አራቱንም ጠርዝ በስኮች አሽጉ። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ እዩት። ከጀርባው ከረጠበ ውሃው በግድግዳው በኩል እየመጣ ነው። ፊቱ ከረጠበ ችግሩ የክፍሉ አየር ነው።

በግድግዳው በኩል ከሆነ ሥራው ያለው ውጭ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲሰላ 150,000 ሊትር ነው፤ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ 150 ጊዜ ይሞላል። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ ግድግዳው ሥር ይወርዳል። አሸንዳ ይሠራ፣ የሚወርደውም በቱቦ ከቤቱ ይራቅ። በዳገቱ በኩል ቦይ ይቆፈር፣ የተበሳ ቱቦና ጠጠር ይግባበት። መሬቱም ከግድግዳው ወደ ውጭ ያዘንብል። ይህን ሳይሠሩ ውስጡን ማሳመር ገንዘብ ማባከን ነው።

«መስኮት ቀኑን ሙሉ መክፈት ያደርቀዋል»

በበጋ ልክ ነው። በክረምት ግን ከቀትር በኋላ የሚገባው ሞቃት አየር ብዙ እርጥበት ይዟል። ቀዝቃዛው ግድግዳ ጋ ሲደርስ እርጥበቱ ይበረታል፣ ሻጋታም የሚወደው ይህንን ነው። በክረምት ጠዋት፣ ውጭው ከውስጡ ሲቀዘቅዝ አናፍሱት።

«ከሰል ቢያጤሱበት ይሞቃል፣ ዕጣን ሽታውን ያጠፋዋል»

እባካችሁ፣ በዚህ አትቀልዱ። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም። መስኮቱ ጠባብ በሆነ ክፍል ቶሎ ይከማቻል። ራስ ሲያምና ሲያዞር «ብርድ መታኝ» ብለን ጋቢ ደርበን እንተኛለን፤ ያ እንቅልፍ ሊገድል ይችላል። ቡና እዚያ መፍላቱ ደስ ይላል፣ የቡና አገር ነንና። በርና መስኮት ተከፍቶ ይፈላ፣ ሲያልቅ ፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ። ከሰል አስቀምጦ መተኛት ፈጽሞ አይሆንም። ዕጣኑም ሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ ሻጋታውን አይነካውም።

«ነጭ ቀለምና አንድ ደማቅ አምፖል ይበቃል»

ብርሃን በማያገኝ ክፍል ደማቅ ነጭ ቀለም ግራጫ ይመስላል። ወደ ክሬም የሚያደላ ይሻላል። አምፖል ስትገዙ ካርቶኑን አንብቡ፦ 6,500 ኬልቪን የሚለው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ የቢሮ ብርሃን ነው፣ 2,700 ወይም 3,000 የሚለው የማታ ፀሐይ ይመስላል። ኮርኒሱ መሃል አንድ ከመስቀል ሁለት ሦስት አነስ ያሉትን በየጥጉ ዝቅ አድርጉ። ክፍሏ ወዲያው ትለወጣለች።

«ወለሉን ሙሉ ምንጣፍ ማልበስ ነው»

ከሥሩ እርጥበት ይታፈናል። ተነስቶ ፀሐይ ላይ የሚሰጣ ሰሌን ወይም ትንሽ ምንጣፍ ይበቃል። የመጅሊስ ፍራሽም በቀጥታ ሲሚንቶ ላይ አይቀመጥ፣ አየር የሚያሳልፍ የእንጨት ርብራብ ይግባበት። ቁምሳጥን ከግድግዳው አንድ መዳፍ ያህል ይራቅ። ለመቀመጫማ የራሳችን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ አለ። ምድር ቤት ጣሪያው ዝቅ ስለሚል ዝቅ ያለ መቀመጫ ክፍሉን ሰፋ ያደርገዋል፣ ወለል ሲጠረግም በአንድ እጅ ይነሳል።