የአትክልት ሥራና የአእምሮ ጤና

በአንዳንድ አገሮች የአትክልት ሥራ ከመድኃኒትና ከምክክር ጎን ለጎን ይሰጣል። የአትክልት ሕክምና ይሉታል። የሠለጠነ ባለሙያ ከታማሚው ጋር ይዘራል፣ ያርማል፣ ያጠጣል። ምርቱ ባያምርም ችግር የለም። ዋናው ሰውየው ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ቤንጃሚን ረሽ በ1812 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ የታዘበውን ጽፏል። በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው እንጨት የሚፈልጡና አትክልት ቦታ የሚቆፍሩ ወንዶች፣ ልብስ የሚያጥቡና ወለል የሚፈትጉ ሴቶች ብዙ ጊዜ ይድናሉ። ማዕረጋቸው ከሥራ ያዳናቸው ግን እዚያው ይማቅቃሉ። ወለል መፈተጉን ዛሬ ማንም ሕክምና አይለውም፤ ቁፋሮው ግን ቀረ።

የሚጠቀሱት ጥናቶች ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው። ሦስቱን ልጥቀስ። ተመራማሪው ሮጀር ኡልሪች በ1984 አሜሪካ ፔንሲልቬንያ ውስጥ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሰዎች መዝገብ አነጻጸረ። ከመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት ግንብ ከሚያዩት ቀድመው ወጡ፤ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ይህ እንግዲህ በማየት ብቻ ነው። በ2011 ደግሞ በኔዘርላንድስ 30 አትክልተኞች መጀመሪያ ሆን ተብሎ በሚያስጨንቅ ሥራ ተወጠሩ። ከዚያ ግማሾቹ ለ30 ደቂቃ አትክልት ቦታ ሲሠሩ፣ ግማሾቹ ቤት ውስጥ አነበቡ። ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን በሁለቱም ወገን ቀነሰ፤ አትክልት ቦታ በሠሩት ግን ይበልጥ ቀነሰ፣ ጥሩ ስሜታቸውም ሙሉ በሙሉ ተመለሰ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ በአሜሪካዋ ከተማ በፊላደልፊያ የተደረገው ጥናት ነው። 541 ባዶ ቦታዎች በዕጣ ተከፋፈሉ። ከፊሉ ቆሻሻው ተነስቶ ሣርና ዛፍ ተተከለበት፣ ከፊሉ ተጸዳ ብቻ፣ ከፊሉ እንዳለ ተተወ። በ2018 በወጣው ውጤት፣ ሣርና ዛፍ በተተከለባቸው ቦታዎች አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ድብርት ይሰማናል ማለታቸው ምንም ካልተነካበት ሰፈር አንጻር በ41.5 በመቶ ቀነሰ። ማጽዳት ብቻውን ይህን አላመጣም።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ሰውነት ይንቀሳቀሳል፣ ፀሐይ ያገኛል። በሐሳብ ሲብሰለሰል የዋለ ሰው ጎመኑን ከአረሙ ሲለይ ልቡ ወደ እጁ ይመጣል። ደግሞም ተክሉ ይጠብቀዋል፤ ካላጠጣው ይጠወልጋል። «ከንቱ ነኝ» ለሚል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እስራኤል ውስጥ ለኢትዮጵያውያን የተከፈቱ የጋራ አትክልት ቦታዎች ሌላም ነገር ያሳያሉ። አገራቸው ሳሉ ገበሬ የነበሩ አባቶችና እናቶች እዚያ ፎቅ ላይ ገቡ። ሐኪም ቤትም ቢሮም ልጅ ማስተርጎም ያዘ። የአትክልት መደቡ ላይ ሲቆሙ ግን አዋቂዎቹ እነሱ ናቸው። የሚያስተምሩትም እነሱው።

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ላለ ሰው ለሁለት የተቆረጠ ጀሪካን ይበቃል። ታቹ ካልተበሳ ግን ውኃው ይተኛና ሥሩ ይበሰብሳል። ጤና አዳም ወይም በሶብላ ቢይዝ ሽታው ራሱ እጅ ላይ ይቀራል፤ ቡናም ሲፈላ ጤና አዳሙ ከበረንዳ ይቀነጠሳል።

በጠና የታመመን ሰው «ተነስና ቆፍር» ማለት ግን ጭካኔ ነው። ባለሙያዎች የሚጀምሩት በትንሹ ነው፤ አንድ መደብ፣ አጭር ሰዓት። ቶሎ የሚደርስ ይመርጣሉ። ሰላጣ በወር ከምናምን ይቆረጣል፤ አቮካዶ ግን ዓመታት ያስጠብቃል። ጎንበስ ማለት ለማይችልና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ መደቡ ከፍ ተደርጎ ይሠራል። መድኃኒት ያለ ሐኪም አይቋረጥም። ክሎርፕሮማዚን የሚባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቆዳው በፀሐይ ቶሎ ስለሚቃጠል ባርኔጣና እጀ ረጅም ልብስ ይልበስ፤ ሥራውንም በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ያድርገው።