«መሬት ይውጠናል?» ልጆች ስለ እሳተ ገሞራና የመሬት መንቀጥቀጥ የያዟቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ልጆች ነው የማስተምረው። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ መሬት በተደጋጋሚ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ይሰማ ነበር። ሌሊት አልጋ ይወዛወዛል፣ ጠዋት ክፍል ውስጥ ጥያቄው ይዘንባል። ከመጽሐፉ በፊት የሰፈር ወሬ ደርሷቸው ነበር። ደጋግሜ የሰማኋቸውን ልንገራችሁ።

«እሳተ ገሞራ ሹል ተራራ ነው፣ ያለውም ሩቅ አገር ነው»

እሳተ ገሞራ ሳሉ ሲባሉ ሁሉም ሹል ተራራ ይስላሉ። ኤርታሌ ግን ሹል አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ 613 ሜትር ብቻ ነው። ሰፋ ብሎ የተንጣለለ፣ አናቱ ላይ የቀለጠ ድንጋይ እንደ ሐይቅ ሲንተከተክ የኖረ ተራራ ነው።

ጉድጓድም ሊሆን ይችላል። የቢሾፍቱን ሆራ ሐይቅ ውሰዱ። ውሃው የተኛበት ጎድጓዳ ቦታ የተፈጠረው ከሥር የመጣ ቅልጥ ድንጋይ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ ሲፈነዳ ነው። የዝቋላ ሐይቅም ያለው በተራራው አፍ ውስጥ ነው። ይህን ስነግራቸው አንዷ ተማሪዬ ዓይኗን አፍጥጣ «እኛ እኮ እዚያ ዳር ምሳ በልተናል!» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ ትምህርቱ የእሷ ሆነ።

«ዝም ያለ ተራራ ሞቷል»

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ከኤርታሌ ብዙም የማይርቀው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። ከዚያ በፊት መፈንዳቱን የሚናገር መዝገብ አልነበረም። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ የመንን አልፎ ሕንድ ድረስ ሄደ። አፍዴራ አካባቢ ደግሞ የከብቶቹን ግጦሽ ሸፈነው። ልጆች አመዱ በረራ ስላስተጓጎለባቸው አውሮፕላኖች መጠየቅ ይወዳሉ። እኔ ግን ስለ ፍየሎቹም እነግራቸዋለሁ።

«ከእግራችን ሥር ያለው ሁሉ እሳት ነው»

ይህኛው ልጆችን እንቅልፍ ይነሳል። እውነታው ሌላ ነው። ከሥራችን ያለው የምድር ክፍል ብዙው በጣም የጋለ፣ ግን ጠጣር ድንጋይ ነው። ስምጥ ሸለቆ ላይ መሬቱ በየዓመቱ በጥቂት ሚሊሜትር ግራና ቀኝ ይሳሳባል። ሲሳሳ ከሥር ያለው የጋለ ድንጋይ ወደ ላይ ይነሳል። የተጫነው ክብደት ይቀንስለታል፣ ያኔ ከፊሉ ይቀልጣል።

እዚህ ላይ የራሴን ስህተት ላንሳ። ለዓመታት የጭቃ ተራራ ሠርቼ ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ እጨምርበት ነበር። ልጆቹ በጣም ይደሰታሉ። ፈተና ላይ ግን «በተራራው ውስጥ ኮምጣጤ አለ» ብለው የጻፉ ነበሩ። አሁን በፕላስቲክ ጠርሙስ ያለ ለስላሳ ይዤ እገባለሁ። ወዝውዤ ክዳኑን ላላ ሳደርገው አረፋው ገንፍሎ እጄን ያጥበኛል። እውነተኛውን ቅልጥ ድንጋይም ገፍቶ የሚያፈነዳው በውስጡ የታመቀው ጋዝ ነው። ቀጥሎ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በየእጃቸው አስይዛለሁ። «እንደ እንጀራ ዓይን!» ይላሉ። ትክክል ናቸው። ሁለቱንም ዓይን ያወጣላቸው የወጣው ጋዝ ነው።

«6 ማለት ከ10 6 ነው»

ከፈተና ውጤት ጋር እያምታቱት ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያው ከ10 አይታረምም። በአንድ ቁጥር ሲጨምር የሚለቀቀው ኃይል 32 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በየካቲት 2017 የተመዘገበው 6.0 አዲስ አበባ ላይ ቀለል ያለው ስለራቀ ነው።

«መሬት አፉን ከፍቶ ይውጠናል»

አፋር ላይ መሬት በእርግጥ ይሰነጠቃል። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ዳባሁ አካባቢ ቅልጥ ድንጋይ ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሚረዝም መስመር ከሥር ሰርጎ መሬቱን እስከ 8 ሜትር አራርቆታል። በመሬት መንቀጥቀጥ ሰው የሚጎዳው ግን በአብዛኛው በሚወድቅ ነገር ነው፤ በግድግዳ፣ በመስታወት፣ በቁም ሳጥን።

«ዛሬ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ይመጣል ተብሏል»

ሰዓቱን ቆርጦ መናገር የሚችል ማንም የለም። እንዲህ የሚል መልእክት በስልክ ከደረሳችሁ ለልጆች አታንብቡላቸው።

«እኔ ስላጠፋሁ ነው»

አንድ ልጅ ሌሎቹ ሲወጡ ክፍል ውስጥ ቀርቶ ጠጋ አለኝና «ቲቸር፣ እናቴን ስለዋሸኋት ነው?» አለኝ። እኔም ተንበርክኬ ነው የመለስኩለት። አይደለም አልኩት። መሬቱ ከአንተም ከእኔም በፊት ሚሊዮን ዓመታት ሲሳሳብ ኖሯል። ቤተሰቡ መጸለዩ መልካም ነው፣ ልጁ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ መተኛቱ ግን አይገባም።

«ሲንቀጠቀጥ መሮጥ ነው»

ደረጃ ላይ መጋፋትና ከፎቅ መዝለል ከንቅናቄው የባሰ ጉዳት ያመጣል። ጠንካራ ሕንፃ ውስጥ ከሆናችሁ ዝቅ በሉ፣ ዴስክ ሥር ግቡ፣ የዴስኩን እግር አጥብቃችሁ ያዙ፣ ከመስኮት ራቁ። ፎቅ በሌለው ደካማ የጭቃ ቤት ውስጥ፣ በር አጠገብ ከሆናችሁና ውጭው ሜዳ ከሆነ ግን መውጣቱ ይሻላል። ንቅናቄው ሲቆም በሰልፍ ወደ ሜዳ፣ ከግንብና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ራቅ ብሎ። እኛ ይህን በየወሩ እንለማመዳለን። መጀመሪያ ላይ ዴስክ ሥር ሆነው ይስቁ ነበር። አሁን ትልልቆቹ ትንንሾቹን ቀድመው ያስገባሉ።