«አውሮፕላን ከወደቀ ሐኪም ምን ይሠራል?» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

የአውሮፕላን አደጋ ዜና በተሰማ ቁጥር «እዚያ ሐኪም ምን ይሠራል? የሚተርፍ የለ!» የሚል አይጠፋም። ድንገተኛ ሕክምና ላይ ለሚሠራ ሰው ይህን መስማት ይሰለቻል። ጎረቤት ቢለው ባልከፋ፤ በጀት የሚያጸድቁ ሰዎችም ይሉታል።

ብዙው አደጋ የሚደርሰው ሲነሳና ሲያርፍ ነው፤ ኤርፖርት ውስጥ ወይም አቅራቢያው። በዚያ ደግሞ ብዙ ሰው ይተርፋል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 2000 በአገሪቱ አየር መንገዶች ላይ የደረሱትን አደጋዎች ሲመረምር፣ አውሮፕላኖቹ ውስጥ ከነበሩት ከ95 በመቶ በላይ ተርፈዋል። የራሳችንንም እናንሳ። መስከረም 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሳው ቦይንግ 737 ሞተሮቹ ውስጥ እርግቦች ገቡበት። በሆዱ አርፎ ተቃጠለ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ፣ 69ኙ ተረፉ። ሐኪም የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነው።

«ዋናው ቶሎ ጭኖ ቅርብ ሆስፒታል ማድረስ ነው።»

በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው፤ የሚሉት ቅን ሰዎች ናቸውና። እስቲ አስቡት። ከአውሮፕላኑ ቀድሞ የሚወጣው በእግሩ መሄድ የሚችለው ነው። መጀመሪያ ያገኛችሁትን ከጫናችሁ እጁ የተሰበረው ቀድሞ ይደርሳል። የቅርቡ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በእሱና በመሰሎቹ ይሞላል። ሆዱ ውስጥ የሚደማው ዘግይቶ ሲመጣ አልጋው ተይዟል፣ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ሌላ ሰው ላይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ትሪያጅ፣ ማለትም ተጎጂዎችን እንደ ጉዳታቸው ክብደት መለየት፤ ከዚያ አምቡላንስ። የትሪያጁ ቦታ ከአደጋው ቢያንስ 90 ሜትር ርቆ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ይመረጣል፤ ጭሱ እንዳይደርስ። አንድ ሰው ላይ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይቆምም። ለእያንዳንዱ ባለ ቀለም ካርድ ይደረግለታል። መራመድ የሚችል አረንጓዴ። በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ፣ የእጅ አንጓው ላይ የልብ ምቱ የማይገኝ ወይም «እጄን ጨብጥ» ሲሉት የማይታዘዝ ቀይ። መራመድ ባይችልም እነዚህ ምልክቶች የሌሉበት ቢጫ። መተንፈሻው ተከፍቶለትም የማይተነፍስ ጥቁር። ቀዩ ቀድሞ ይሄዳል፤ የቀረው ደግሞ ራቅ ወዳሉ ሆስፒታሎች ይከፋፈላል።

አንድ ልምምድ ላይ አንድ ኃላፊ «ይሄ እየጮኸ ምን ትጠብቃላችሁ?» ብለው ተቆጡን። የሚጮህ ሰው እየተነፈሰ ነው። ቀይ ካርድ የያዘችው ከጎኑ ዝም ብላ የተኛችው ነበረች።

ካርዱንም የወረቀት ሥራ አታድርጉት። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በተከሰከሰው የኤዥያና አየር መንገድ አውሮፕላን ከ307 ሰዎች 3 ብቻ ሞቱ። አንደኛዋ ከፍርስራሹ አጠገብ ወድቃ ሳትመረመርና ምልክት ሳይደረግባት ቀረች። የእሳት ማጥፊያ አረፋ ሸፈናት፤ የእሳት አደጋ መኪና ገጫት። የአካባቢው አስከሬን መርማሪ ስትገጭ በሕይወት ነበረች ብሏል።

«ልምምድ ለታይታ ነው።» በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ሙሉ ልምምድ ቢያንስ በ2 ዓመት አንዴ፣ በየደረጃው ተከፋፍሎ ከተሠራ ደግሞ ቢያንስ በ3 ዓመት አንዴ መደረግ አለበት። የአሜሪካዋ ከተማ ሲዩ ሲቲ እ.ኤ.አ. በ1987 የአውሮፕላን አደጋ ልምምድ አድርጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የዩናይትድ አየር መንገድ በረራ 232 እዚያው ሲከሰከስ ከ296 ሰዎች 184ቱ ተረፉ። ዕድልም ረድቷል፤ ሆስፒታሎቹ ፈረቃ የሚቀይሩበት ሰዓት ስለነበር ሁለቱም ፈረቃ እዚያው ነበር።

«ሻንጣዬን ብቻ ልያዝ።» አይያዝም። እ.ኤ.አ. በ2024 ቶኪዮ ሃኔዳ ኤርፖርት ላይ ከሚነደው የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን 379ኙም ሰዎች የወጡት ሻንጣቸውን ትተው ነው።

«ያልተጎዳሁ ስለሆነ ታክሲ ይዤ ልሂድ።» ይሄም ስህተት ነው። የውስጥ ደም መፍሰስ ከሰዓታት በኋላ ሊታወቅ ይችላል። ስማችሁን ሳታስመዘግቡ ከሄዳችሁ ደግሞ የእሳት አደጋ ሠራተኛው እናንተን ፍለጋ ተመልሶ ጭሱ ውስጥ ይገባል። የተባላችሁበት ቦታ ተቀመጡ፣ ስም ስጡ፣ ካርዱን አታውልቁ። ቤተሰብም በየሆስፒታሉ በር አይሰለፍ፤ አምቡላንስ መግቢያ ያጣል። አየር መንገዱ ወይም ኤርፖርቱ ለቤተሰብ ወዳዘጋጀው ቦታ ሂዱ። የተሳፋሪው ስምና የተወሰደበት ሆስፒታል ተጠቃሎ የሚደርሰው እዚያ ነው።