ስለ ባሌ ተራሮች የአየር ንብረት ዕቅድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ፣ አካባቢው የአየር ንብረት ለውጥን እንዲቋቋም ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። በውይይቱ ውስጥ ሥር የሰደዱ አንዳንድ ስሕተቶች አሉ። የሚከፉት ደግሞ በቅን ልቦና የሚነገሩት ናቸው፤ ማንም አይመረምራቸውምና።

«ፓርኩ ከተከለለ በቂ ነው»

ፓርኩ ወደ 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ዲንሾን፣ ጎባን፣ አዳባን፣ ደሎ መናንና ሀረና ቡሉቅን የሚባሉትን ወረዳዎች ይነካል። አዳባ ደግሞ በሌላ ዞን፣ በምዕራብ አርሲ ሥር ናት። አንዱ ወረዳ የጠበቀውን የምንጭ ራስ ሌላው ካረሰው ልፋቱ ከንቱ ነው። የወይብና የወልመል ወንዞች ከዚህ ተነሥተው ወደ ገናሌ ወንዝ ይወርዳሉ፤ ገናሌም ዶሎ አካባቢ ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ ጁባ በሚል ስም ሶማሊያን ያቋርጣል። ስለዚህ ሥራው ከተፋሰስ ካርታ ይጀምራል። መጀመሪያ ምንጮችና ረግረጎች ይለያሉ። ቀጥሎ ከታችኛው ደን እስከ ላይኛው የውርጭ ቀጠና ሳይቆራረጥ የሚወጣ የተፈጥሮ ዕፅዋት የት የት እንደ ቀረ ይታያል። የየወረዳው የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ የሚስተካከለው ከዚያ በኋላ ነው። የወረዳ ዕቅዶችን ሰብስቦ በአንድ ሽፋን መጠረዝ የአካባቢ ዕቅድ አይሆንም፤ በሁለት ወረዳዎች ድንበር ላይ ያለው ምንጭ የማንም ሳይሆን ይቀራል።

«ሙቀት ሲጨምር እንስሳቱ ወደ ላይ ይሸሻሉ»

ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በግምት በ0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። አየሩ በ2 ዲግሪ ቢሞቅ የብርዱ ቀጠና ከ300 ሜትር በላይ ወደ ላይ ይገፋል ማለት ነው። የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከሁሉ ከፍ የሚለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ከዚያ ወዲያ መሬት የለም፤ ተራራም ወደ ጫፉ በወጣ ቁጥር ይጠባል። ከባሌ በቀር የትም የማይገኘው ግዙፉ ፍልፈልና እሱን እያደነ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ መሄጃ ያጣሉ።

በዚያ ላይ ገብስ ወደ ላይ ሲወጣ ከብቱም ውሻውም ይከተላል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። በ2003 ከውሻ የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ በወይብ (ዌብ) ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጀ። ስለዚህ በፓርኩ ዙሪያ የውሾች ክትባት የዚህ ዕቅድ አካል ነው፤ የእንስሳት ጤና ቢሮ የብቻ ሥራ ተደርጎ መታየት የለበትም። በሽታው እንዳይዛመት ቢያንስ 70 በመቶው ውሻ መከተብ አለበት። ቡችሎች በየጊዜው ስለሚወለዱ የአንድ ዘመቻ ውጤት በፍጥነት ይሟሟል፤ ክትባቱ በየዓመቱ መደገም ይኖርበታል።

«ችግኝ በተተከለ ቁጥር ይሻላል»

ሳነቴ የተራቆተ ደን አይደለም፤ ገላጣነቱ ተፈጥሮው ነው። ጓሳውና ጅብራው ባለበት ሜዳ፣ በረግረጉም ላይ ዛፍ መትከል የፍልፈሉን መኖሪያ ያጠፋል። ባሕር ዛፍ ምንጭ ዳር ከሆነ ደግሞ ውኃውንም ይመጥጣል። በረግረግ ላይ ከመትከል ይልቅ ከብት የሚረግጥበትን ወቅት መገደብና የተቆፈሩ ማፋሰሻ ቦዮችን መድፈን ይጠቅማል። ችግኝ የሚያስፈልገው ዝቅ ብሎ፣ ደኑ በተመነጠረበት ነው፤ እዚያም ኮሶ፣ ጥድና ሌሎች አገር በቀል ዛፎች ይቀድማሉ።

«እሳት ሁሉ ጠላት ነው»

ከደኑ በላይ ያለው አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ከተቃጠለ በኋላ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። እረኞች ለከብቶቻቸው ለምለም ቀንበጥ ለማግኘት ከጥንት ጀምሮ ያቃጥሉታል። ገና ያቆጠቆጠ አስታ ለተወሰኑ ዓመታት እሳት አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ዕድሜው የተለያየ አስታ ጎን ለጎን ሲኖር እሳቱ ሩቅ አይሄድም። ፈጽሞ መከልከል ሁለት ጉዳት አለው። ደረቅ ጭራሮ ይከማቻል፤ የሚያቃጥልም ሰው ተደብቆ፣ በድርቁ ከፍተኛ ወቅት፣ ሳይጠብቀው ይሄዳል። በ2000 መጀመሪያ በድርቅ ወቅት ባሌ ላይ የተነሣው እሳት ሰፊ ደንና አስታ አውድሟል።

የሚሠራው መንገድ ከቀበሌና ከእረኞች ጋር ቦታና ጊዜ ተስማምቶ ማቃጠል ነው። በቅርብ ዓመታት በተቃጠለ ቦታ የተከበበ ያረጀ አስታ ይመረጣል። ድርቁ ሳይበረታ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ዙሪያውን ሰው ቆሞ ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ ከብት ቶሎ ከገባ ቀንበጡን እየቀጨ ማገገሙን ስለሚያዘገየው ቦታው ይከለላል። ኮሶና ትልልቅ አስታ ያሉበት፣ በፓርኩ ደቡብ የሚገኘው የሀረና ደን የላይኛው ጠርዝ ግን ለዚህ አይሆንም።

«ሰው ከወጣ ተፈጥሮ ያገግማል»

በፊንቻ ሀበራ ዋሻ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከ47,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ ሰዎች ግዙፉን ፍልፈል እያደኑ ይመገቡ እንደ ነበር ቁፋሮ አሳይቷል። ሰው እዚህ እንግዳ አይደለም። የዛሬው ጥያቄ ስንት ሰው፣ በምን ደንብ የሚለው ነው። በአዳባና ዶዶላ የተሞከረው ዋጂብ የሚባለው የደን ነዋሪዎች ማኅበር አሠራር ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ሒሳብ ይዞ፣ በአንድ ማኅበር ከ30 አባወራ እንዳይበልጥ ወስኖ፣ ደኑን የመጠቀም መብት በውል ሰጠ። ቁጥሩ ከደኑ አቅም ተነሥቶ መወሰኑና አዲስ መጤን የመከልከል መብት ለማኅበሩ መሰጠቱ ነው ዋናው ቁም ነገር። ጎዳንቱ የሚባለውም ከብትን እንደ ወቅቱ ወደ ደጋና ወደ ደን የማዘዋወር ልማድ፣ መንገዱ ከተዘጋ ከብቱ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ ይረግጣል።

«የቡና ደን እስካለ ደን አለ»

በሀረና ሥረ ደኑ ለቡና ሲመነጠር ትልልቆቹ ዛፎች ይታያሉ፤ ተተኪ ችግኝ ግን ከሥራቸው የለም። ሙቀት ቡናን ወደ ላይ ሲገፋ ምንጠራውም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ በየሄክታሩ ሳይነካ የሚያድግ የወጣት ዛፍ ቁጥር በውሉ ውስጥ ይጻፍ።

«ትክክለኛ ትንበያ እስኪመጣ እንጠብቅ»

ሙቀት እንደሚጨምር ሞዴሎቹ ይስማማሉ፤ በዝናቡ ላይ ግን አንዱ ይጨምራል ይላል፣ ሌላው ይቀንሳል። ለሁለቱም የሚያገለግል ሥራ ማስቀደም ነው፤ የተጠበቀ ረግረግ ጎርፍንም ድርቅንም ያለዝባል። ጎን ለጎን ልኬት ይጀመር። በተለያየ ከፍታ የዝናብ መለኪያ ይተከል፤ በበጋ በየወሩ በየምንጩ 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት ስንት ሰከንድ እንደ ፈጀ ይመዝገብ። ሰከንዱ ከዓመት ዓመት ከጨመረ ከዚያ ምንጭ በላይ ያለው ግጦሽና እርሻ እንዲቀነስ የሚያዝ ደንብ አስቀድሞ በወረዳዎቹ ስምምነት ይጽደቅ፤ ምንጩ ከነጠፈ በኋላ የሚደረግ ድርድር ዘግይቷል።