ንግግርን በጫጫታ መካከል ማሰማት

በሰርግም ሆነ በለቅሶ ድንኳን ፊት የተቀመጡት ጆሯቸውን ሲይዙ፣ ኋላ ያሉት «ምን አለ?» እየተባባሉ ሲጠያየቁ ማየት የተለመደ ነው። ሞንታርቦው ይጮኻል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ድምፅ መስማትና ንግግር መለየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በድምፅ ማጉያ ሥራ ከባዱ ሁለተኛው ነው።

ችግሩ ከንግግር ባሕርይ ይጀምራል። የንግግርን ጉልበት የሚሸከሙት በአብዛኛው አናባቢዎች ሲሆኑ፣ ኃይላቸው ከ1000 ኸርዝ በታች ይበዛል (ኸርዝ የድምፅ ውፍረትና ቅጥነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል)። ቃልን ከቃል በመለየት ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ተነባቢዎች ግን ደካሞች ናቸው፤ ብዙው ምልክታቸው ከ2000 እስከ 4000 ኸርዝና ከዚያም በላይ ይገኛል። «ሰፋ» እና «ጠፋ»፣ «ከሰሰ» እና «ቀሰሰ» የሚለያዩት በመጀመሪያው ተነባቢ ብቻ ነው። ጄኔሬተሩ ያቺን ቅንጣት ድምፅ ከዋጣት፣ «ልጅ ጠፋ» የሚለው ማስታወቂያ ኋላ ላለው ሰው «ፋ» ብቻ ሆኖ ይደርሳል።

ወፍራም ድምፅ ቀጭኑን ይሸፍናል። ስለዚህ ለዘፈን የተከፈተው ቤዝ ሳይቀነስ ሽማግሌው ለምርቃት ሲነሱ፣ የገዛ ድምፃቸው ቃላቸውን ይጋርደዋል። ለንግግር ቤዙን መቀነስ፣ ከ2000 ኸርዝ በላይ ያለውን ደግሞ በመጠኑ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። የድሮው ስልክ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ብቻ እያስተላለፈ ሰውን ለአሥርት ዓመታት ማግባባቱ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። ለዘፋኙ የተጨመረው ኤኮም ለተናጋሪ መጥፋት አለበት፤ በኔ እይታ በየድንኳኑ ንግግርን እንደ ኤኮ የሚያበላሽ የለም።

ከሁሉ ርካሹ መፍትሔ ማይኩን ማስጠጋት ነው። ንግግር በደንብ እንዲለይ ከዙሪያው ጫጫታ በ15 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ያህል ቢበልጥ ይመረጣል። በማይኩና በአፍ መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ባጠረ ቁጥር የተናጋሪው ድምፅ 6 ዴሲቤል ገደማ ያገኛል፤ ማይኩ የሚለቅመው የዙሪያው ጫጫታ ግን ባለበት ይቀራል። ደረቱ ላይ፣ ከአፉ 40 ሴንቲ ሜትር ርቆ የነበረውን ማይክ ወደ 10 ያስጠጋ ሰው ምንም ሳያወጣ 12 ዴሲቤል ያተርፋል፤ ሞንታርቦውም ማፏጨቱን ይተዋል።

ሰፊ ቦታ ሌላ ጣጣ አለው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። 34 ሜትር ወደ ኋላ ሁለተኛ ስፒከር ከተተከለ፣ በሽቦ የሄደው ንግግር ወዲያው ሲደርስ ከፊት የመጣው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ይዘገያል፤ አንዱ «ሰላም» ሁለት ይሆናል። ይህን በመፍታት ከሚጠቀሱት ቀደምት ሥራዎች አንዱ በለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተሠራው ነው። ጉልላቱ ንግግርን ለረጅም ጊዜ ያስተጋባ ስለነበር፣ ብዙ ስፒከሮችን በአንድ ምሰሶ ላይ ደርድረው ድምፁ ወደ ጣሪያ ሳይበተን ወደ ምዕመናኑ እንዲያመራ አደረጉ። ለኋለኞቹ ምሰሶዎች ደግሞ ንግግሩን በሚሽከረከር ማግኔታዊ መሣሪያ ቀድተው፣ ከፊተኛው ጋር እንዲገጥም አዘግይተው ለቀቁት። ዛሬ ያንኑ ሥራ አነስተኛ ዲጂታል ሚክሰር ይሠራዋል። በሰፊ ቅጥር ግቢም አንድ ትልቅ ጥሩምባ በሙሉ ኃይል ከማስጮህ፣ ትንንሽ ስፒከሮችን ወደ ሕዝቡ አስጠግቶ ዝቅ አድርጎ መክፈት ይሻላል፤ ጎረቤትም ያርፋል።

የንግግርን ጥራት ከ0 እስከ 1 የሚለካ፣ በኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተቀመረ ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ። ለአደጋ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 0.5 ይጠየቃል።

ተናጋሪውም ድርሻ አለው። ሰው ጫጫታ ሲበዛበት ሳይታወቀው ይጮኻል፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ኤትየን ሎምባርድ ይህን በ1911 (እ.ኤ.አ.) ገልጾታል። ጩኸት ግን ይበልጥ የሚያጎላው አናባቢውን ነው። መናኸሪያ ውስጥ ማይክ የያዘ ሰው ድምፁን ከሚያነሳ፣ ረጋ ብሎ የከተማውን ስምና የመነሻ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ቢጠራ ተሳፋሪው መኪናው ሳያመልጠው ይሄዳል።